ውኃ ውስጥ የገባው የዘበኛው ባትሪ

ሰኞ ጠዋት የከተማው ቧንቧ ሁሉ ደረቀ። ኮረብታው ላይ ያለው ታንከር ግን ጢም ብሎ ሞልቶ በትርፍ ውኃ መውረጃው በኩል ቁልቁል ይፈስ ነበር። ከታች ሴቶች ባዶ ጀሪካን ይዘው ይንጫጫሉ፣ ከላይ ንጹሕ ውኃ ጫካ ገብቶ ይጠፋል። የቢሮው ሰው «ይህ እንዴት ይሆናል?» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም አብሬ ነቀነቅሁ። እንዴት እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከተማዋ ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟን አልጽፍም። የሚያውቃት ያውቃታል፣ የማያውቃት ደግሞ ብዙ አልቀረበትም። እኔ የውኃው ቢሮ ቴክኒሺያን ነበርኩ። ቴክኒሺያን ማለት ቧንቧ የሚጠግን፣ ፎርም የሚሞላና ኃላፊው ሲጠሩት «አቤት» የሚል ሰው ነው። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር፤ ሰው ከደመወዙ ቀን ይልቅ የግምገማውን ቀን አጥብቆ ያስታውሳል። እኛ አገር ዝናብ ከዓመት ዓመት አይጠፋም፣ ጫካው ራሱ ያንጠባጥባል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው በዚያ ሳምንት እኛ ላይ ደረሰ፣ ያውም በእኔ እጅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት ታንከሩ ሲታጠብ፣ ከወለሉ አጠገብ ያለው የመውጫው ቧንቧ አፍ ላይ የተገጠመው ወንፊት ዝጎ ተበልቶ አገኘሁት። አዲስ ወንፊት በፎርም ጠየቅሁ። ፎርሙ ሄዶ «ስፔሲፊኬሽኑ ይገለጽ» ተብሎ ተመለሰ። ገልጬ ላክሁ፤ ፊርማ ጎድሎታል ተብሎ ተመለሰ። ታንከሩ ደግሞ ያለ ወንፊት መሞላት የለበትም፣ ከተማውም ውኃ ይጠብቃል። አባቴ ቢታ ገነት አጠገብ ማር የሚቆርጥ ሰው ነው፤ ማሩን ከነሰፈፉ ይልክልኛል፣ እኔ ቤቴ አጠልለዋለሁ። የማጥለያዋን ጨርቅ አመጣሁና በቧንቧው አፍ ላይ በሽቦ ጠፍሬ አሰርኳት። ማርን ያጠለለች ጨርቅ ውኃ ያቅታታል እንዴ ብዬ ነው። ፎርሙ ላይ ግን «ወንፊት ተቀይሯል» ብዬ ጻፍሁ።

በወሩ ግምገማ ኃላፊው ስሜን ጠርተው «በራሱ ተነሳሽነት ችግር የሚፈታ ሠራተኛ» አሉኝ። ተጨበጨበልኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል እንጂ ያን ጊዜ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ጨርቋ ግን ስትታጠብ ያልለቀቀ ሰም በክሮቿ መካከል ነበረባት። ሰሙ በቀዝቃዛው ውኃ ደርቆ፣ ደለሉም በላዩ ተለጥፎ፣ በሁለት ወር ውስጥ ጨርቅነቷ ቀርቶ ቆዳ ሆነች። ሰኞ ጠዋት ጭራሽ ዘጋች።

ጥፋተኛ እስከ ማክሰኞ ተገኘ፤ የታንከሩ ዘበኛ ናቸው ተባለ። ከደካ በኩል የመጡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ የምኖረው በእሳቸው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው፤ እሳቸውን ጋሼ፣ ሚስታቸውን እትዬ እላለሁ። ያመመኝ ቀን አጥሚት የምታመጣልኝ እትዬ ናት። ጋሼ ባለፈው ስብሰባ እጃቸውን አውጥተው «የዝናብ ልብስ መቼ ነው የምትሰጡን?» ብለው ነበር። ኃላፊው ይህን አልረሱም። «ይህ ሰው ቅሬታ አለው። የታንከሩን ክዳን ከፍቶ አንድ ነገር ጥሎበታል» አሉ። ጋሼ ቅዳሜ በሚደረገው ግምገማ ጉዳያቸው እስኪታይ ከሥራ ታገዱ። የሚፈሰውም ትርፍ ውኃ «ማስረጃ ስለሆነ» ማንም እንዳይቀዳው ተከለከለ።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አፌን ልከፍት ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። የሐሰት ሪፖርት መጻፍ ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ፤ ከሥራ መባረር ብቻም አይደለም፣ በዚያ ዘመን አሻጥር የሚል ስም አንዴ ከተለጠፈብህ ሌላ መሥሪያ ቤት በሩን አይከፍትልህም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔም ዝም አልኩ። ጋሼን ለማዳን አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ፤ ታንከሩ ውስጥ ጠልቄ ጨርቋን በስውር ማውጣት። ውኃው ይመጣል፣ ጉዳዩ ይረሳል፣ ጋሼ ይመለሳሉ፣ የእኔም ጉድ ተሸፍኖ ይቀራል።

ችግሩ ጨለማው ነበር። ታንከሩ በኮንክሪት የተከደነ ነው። ቀትር ላይ እንኳ ከክዳኑ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ውኃው ላይ ይቀራል፤ ከታች አራት ሜትር ድፍን ጨለማ ነው። ዋና ልጅ ሆኜ ወንዝ ውስጥ ተምሬያለሁ፣ ትንፋሼም ረጅም ነው። ግን የቧንቧውን አፍ በዳበሳ ስፈልግ ትንፋሼ ያልቃል። የእጅ ባትሪ ደግሞ ውኃ ሲነካው ይሞታል። ውኃ ውስጥ የሚገባ መብራት በከፋ ጫካ ውስጥ ማን ይሸጥልኛል? ራሴ መሥራት ነበረብኝ።

ረቡዕ ጠዋት በሬ ላይ ቁጭ ብዬ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ እያገላበጥኩ ሳለ ጋሼ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ሥራ የፈታ ሰው አቋቋም ነበር የቆሙት፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት አያውቁም። ከእኔ ጋር የሚያወሩት በካፊኖኖ፣ በከፋ ቋንቋችን ነው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ውኃ ውስጥ የሚገባ ባትሪ ነው፣ ጋሼ። ታንከሩ ውስጥ ገብቼ ምን እንደዘጋው ልይ ብዬ።»

ጠርሙሱን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ድምፃቸው ቀጠነ።

«ለእኔ ብለህ ነው?»

«አዎ» አልኳቸው።

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ። እንደዚያች «አዎ» ግን ጉሮሮዬን የቧጠጠችኝ የለችም። ጋሼ ቤታቸው ገብተው የዘበኝነት ባትሪያቸውን ይዘው ወጡ፤ ሦስት የባትሪ ድንጋይ የሚጎርስ፣ ራሱ ላይ የቢሮው ቁጥር በቀይ ቀለም የተጻፈበት። «ይህን ገና አላስረከብኩም። ቅዳሜ አስረክባለሁ። እስከዚያ ውሰደው» አሉ። እንቢ ማለት ነበረብኝ፤ የእኔ ባትሪ ግን ብርሃኑ እንደ ክብሪት ነው፣ የእሳቸው ጫካ ይሰነጥቃል። ተቀበልኳቸውና ፈታታሁት። እንዳይመለስ አድርጌ ነው የፈታታሁት፤ ቆርቆሮውን በመጋዝ ቆርጬ አምፖሉንና የሚያብረቀርቀውን ሳህኑን ብቻ አወጣሁ።

ሳህኑን ከጠርሙሱ ቂጥ ጋር ፊት ለፊት አጋጠምኩት፣ ብርሃኑ በቂጡ በኩል እንዲወጣ። ሦስቱን ድንጋይ እንደ ማገዶ ጎን ለጎን አድርጌ በሚለጠፈው ጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ አሰርኳቸው፣ ራስና ግርጌያቸውን በሽቦ አገናኘሁ። ማብሪያውን ወደ ውጭ ማውጣት አልቻልኩም፤ የምበሳው ቀዳዳ ሁሉ ለውኃ በር ይሆናል። ስለዚህ አብርቼ መዝጋት ነበረብኝ። ከተዘጋ በኋላ ድንጋዩ እስኪያልቅ ብቻ ነው ዕድሜው። ክዳኑን ከጠርሙሱ ጋር የማሽገው በምን ነው ብዬ ስጨነቅ፣ አልጋዬ ሥር ያለው ሰም ትዝ አለኝ። ያው የአባቴ ሰም ነው፣ ያቺው ጨርቅ ያጠለለችው።

ሰሙን አቅልጬ ክዳኑ ዙሪያ አፈሰስኩት። ለመሞከር ግን ውኃ ያስፈልጋል። እትዬ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ከሩቅ ምንጭ ወረፋ ይዛ ያመጣችው አንድ ጀሪካን ብቻ ነበር ቤቱ ውስጥ። ሳትጠየቅ ሳፋ አምጥታ ገለበጠችው። «ለእሱ ከሆነ ምን ይደረጋል» አለች።

ጠርሙሱን ሳፋው ውስጥ ስከተው ብቅ ብሎ ተንሳፈፈ። አየር የሞላው ነገር እንደማይሰጥም ለመረዳት ቴክኒሺያን መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ግን አላሰብኩትም ነበር። በእጄ ደፍቄ ያዝኩት። ጥቂት ቆይቶ ከክዳኑ ሥር አረፋ አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ። ብርሃኑ ቢጫ ሆነ፣ ቀላ፣ ጠፋ። የሳፋው ውኃ የድንጋዩን ጥቁር ዝቃጭና የሰም ፍርፋሪ ተሸከመ። እትዬ ቀና ብላ ባሏን አየቻቸው፣ ከዚያ ሳፋውን አንስታ ከጓሮ እንሰቱ ሥር ደፋችው። ያን ቀን እራት አልተሠራም፣ የደረቀ ቆጮ ነው የቀመስነው።

ጋሼ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት። በወጣትነታቸው ቀፎ ይሰቅሉ ነበር። «ሰም ብቻውን ብርድ ሲነካው ይሰነጠቃል፤ ሞራ ይግባበት» አሉ። ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ ጥቂት የበሬ ሞራ ይዘው መጡ። ከሰሙ ጋር አቅልጠን ስናቀዘቅዘው በጣት ሲጫኑት የሚታዘዝ ሆነ። ከሱቅ አዲስ ድንጋይ ገዛሁ። ጠርሙሱንም ከውስጥ እንዳያልበው ምድጃ ዳር አድርቀን፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አብርተን ክዳኑን አሽገን፣ በላዩ የመኪና የውስጥ ጎማ ቆርጠን ጠመጠምንበት። እንዳይንሳፈፍ ደግሞ ጎሚቶ የምንለውን ከባድ የቧንቧ መታጠፊያ ሁለቱን በሽቦ አሰርኩበት። ሽቦውን የማጠብቀው ጋሼ ጠርሙሱን ይዘውልኝ ነበር። «ቅዳሜ ከሥራ ካስወጡኝ ጫካ መመለሻ ጉልበት የለኝም፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ ሽቦውን አጠበቅሁ። ያኔ ብናገር ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ሌላ ሳፋ ውኃ ሰጠችኝ። ጠርሙሱ ሰጠመ። ከሳፋው ሥር ሆኖ ብርሃኑ የእትዬን ፊት ከታች አበራው፤ ስቃ አጨበጨበች፣ እንደ ልጅ። ጋሼም ሳቁ። በዚያ ሳምንት ግቢው ውስጥ የተሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከምኔ እንደተሠራሁ አላውቅም፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ቀትር ላይ፣ ተተኪው ዘበኛ ለምሳ ሲወርድ፣ እኔና ጋሼ በጫካው በኩል ወጣን። ጠንቃቃ ሰው መጀመሪያ ከታንከሩ ውጭ ያለውን ቫልቭ ይዘጋል። መፍቻው ግን ቢሮ ተቆልፎበታል፤ ልጠይቅ ብል «ለምን ፈለግኸው?» ይመጣል። ተውኩት። ጋሼ ገመድ ወገቤ ላይ አሰሩልኝ። ሁለት ጊዜ ከጎተትኩ እንዲስቡኝ ተስማማን። ከተማው የሚጠጣው ውኃ ስለሆነ እግሬን በሣር ጠርጌ ገባሁ፤ ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት እንኳ ለይሉኝታ ጊዜ አያጣም።

ቅዝቃዜው ደረቴን ጨመደደኝ። መጀመሪያ ስጠልቅ ግድግዳውን አጥቼ ባዶዬን ወጣሁ። ሁለተኛ ጊዜ ወለሉን ነካሁ። መብራቱ ይሠራል! የሠራሁት መብራት ውኃው ውስጥ እንደ ጨረቃ ክብ ሠርቶ የሲሚንቶውን ስንጥቅ ሁሉ ያሳየኛል። ከዚያ ብርሃኑ ቀይ ክር ላይ አረፈ። እናቴ የማጥለያዋን ጠርዝ በቀይ ክር ነበር የዘመዘመችው። ጨርቋ ወደ ቧንቧው አፍ ተስባ፣ ጎድጉዳ፣ ተወጥራ ትታያለች። አንዳንድ ነገር ጨለማ ውስጥ ሳለ አጠፋሁ ትላለህ እንጂ አይሰማህም። በገዛ መብራቴ ሳየው ነው ያመመኝ።

ሦስተኛ ጊዜ ስወርድ ቢላ ይዣለሁ። ሽቦውን ቆረጥኩ፤ ጨርቋ ግን ከላይ ባለው የውኃ ክብደት ተጣብቃ ንቅንቅ አልል አለች። ጠርዟን ሰነጠቅሁ። ውኃው ያንን ያህል ክፍተት ነበር የሚጠብቀው፤ ባንድ ጊዜ እየጮኸ ወደ ቧንቧው ገባ፣ ቀኝ እጄንም ከጨርቋ ጋር እስከ ክርኔ ወሰደው። ስፈራገጥ ጠርሙሱ ግድግዳውን መታ። አረፋው ፊቴ ላይ ወጣ፣ መብራቱ ቀላ፣ ጠፋ። ግራ እጄን ወደ ገመዱ ልሰድ ብል ገመዱ ሥሬ ተጠምዟል። አፌን ዘግቼ «እናቴ» አልኩ። የቀረኝን ትንፋሽ ጨረስኩ ብዬ ነበር።

ሁለት ጊዜ አልጎተትኩም። አንድም ጊዜ አልጎተትኩም። ጋሼ ግን ብርሃኑ ሲጠፋ ከላይ አይተው ሳቡኝ። ያ ሽማግሌ፣ ጉልበት የለኝም ያሉት ሰው፣ እኔንና የውኃውን ስበት ታግለው አወጡኝ። ክዳኑ አፍ ላይ ስተፋ፣ ስንቀጠቀጥ፣ የቀኝ እጄ ጣቶች እንደተጨበጡ ቀርተው አልፈታ አሉ። ጋሼ አንድ በአንድ ፈለቀቋቸው። ጨርቋ ውስጡ ነበረች።

ዘረጓት። ጭቃውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉና ቀዩን ክር አዩት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት። ሁለት ወር ውኃ ውስጥ ከርማም ማር ማር ትሸት ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ስንት ጊዜ ተሰጥታ አይተዋታል። ቀና ብለው አዩኝ።

«ጋሼ...» አልኩ።

«ልብስህን ልበስ። ብርድ ይመታሃል።»

«ጋሼ፣ እኔ...»

«ልበስ አልኩህ።»

ጨርቋን ጨምቀው ኮታቸው ውስጥ ከተቷት። ከታች ከከተማው እልልታ ተሰማ፤ ውኃው መጥቶ ነው። ሁለታችንም በጫካው በኩል ወረድን።

ቅዳሜ ግምገማው ተቀመጠ። ኃላፊው ሲከፍቱ «በኮሚቴው ብርቱ ክትትል ውኃው ተመልሷል» አሉ፣ ተጨበጨበ። ስለ አሻጥሩ ማስረጃ እንዳልተገኘ በቅሬታ ተናገሩ። እፎይ ልል ስል ወረቀት ገለበጡ። «ይሁን እንጂ፣ ንብረት። የእጅ ባትሪ፣ አንድ። ዘበኛው አላስረከበም። የት ነው ያለው?»

ጋሼ ተነሡ። በካፊኖኖ ሲያወሩ ሽማግሌ የሚያስታርቁ ሰው፣ በአማርኛ ሲጠየቁ አንደበታቸው ይያዛል። «ባትሪ... ተሰበረች። እኔ ነው። ከእጄ ወደቀች» አሉ። ወለሉን ነበር የሚያዩት። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላዩም፤ እንዳያዩ ተጠንቅቀው ነበር።

«ባትሪውን የፈታሁት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር። አራት ቃል። ግን ለምን ፈታህ ይመጣል፣ የት ገባህ ይመጣል፣ ምን አወጣህ ይመጣል። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ኃላፊው «የመንግሥትን ንብረት በማጥፋት ከሥራ ይሰናበት የምትሉ» አሉ። እጆች ወጡ። አጠገቤ ያለው ሰው በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። ቀኝ እጄ ከቧንቧው ወዲህ አብጦ አልነሣ ስላለኝ በግራዬ አወጣሁ።

እሑድ ከቤቴ አልወጣሁም። ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሲንፎለፎል፣ እትዬ ስታጥብ፣ ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲያስሉ ይሰማኛል። ዕቃዬን ሸክፌ እንዴት ብዬ እንደምሰናበት እያሰላሰልኩ ሳለ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናት። በሁለት እጇ አንድ ነገር ይዛለች፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በአራት ተጣጥፎ። የሰነጠቅሁት ጠርዝ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

«ያንተ ነው፣ አጥበሽ ስጪው አለኝ ጋሼህ» አለች። «ሰሙ አልለቅ ብሎኝ ነበር፤ ውኃው ስለመጣ ግን ደጋግሜ አለቀለቅሁት። አሁን ጥሩ አድርጎ ያጠልላል።»

ተቀበልኳት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ፣ አልኩ።